ተረኛዋ ቤት አላት

ለመንግሥትና ለግል ሆስፒታሎች ሥራ አስኪያጆችና የነርሲንግ አገልግሎት ዳይሬክተሮች፣
ለጤና ሚኒስቴር፣
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ ድንገተኛ ክፍል አዲስ ስለሚመደቡ ነርሶች የዲዩቲ ፕሮግራም

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

በአዲስ አበባ ከሚገኙ የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ወደ ክፍሉ ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ከዚያ በፊት ጤና ጣቢያ ነበርኩ፤ ክትባት እሰጣለሁ፣ ነፍሰ ጡሮችን እከታተላለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ አመሻሽ ላይ ቤቴ እገባለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ድንገተኛ ክፍል ስገባ ትልቋ አንደኛ ክፍል ጀምራለች፣ ትንሹ ጡት ይጠባል። ባለቤቴ መምህር ነው። ስሜንና የሆስፒታሉን ስም ያልጻፍኩት አንድ ሆስፒታል ከተጠራ ሌላው "እኛን አይመለከትም" ብሎ ደብዳቤውን ስለሚያስቀምጠው ነው። ሌሎች ሆስፒታሎች ከሚሠሩ የኮሌጅ ጓደኞቼ ጋር ስንገናኝ የምናወራው አንድ ዓይነት ወሬ ነው።

የደመወዝ ጥያቄ ላነሳ አይደለም። እሱ በግንቦት 2017 ዓ.ም. አገር ሁሉ የሰማው ጉዳይ ነው፤ ከእኔ የተሻለ የሚናገሩለት ሰዎች አሉ። እኔ የምጽፈው ያለ ገንዘብ፣ ወይም በጣም በጥቂት ገንዘብ ሊስተካከል ስለሚችል ነገር ነው፤ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፈው የወሩ ፕሮግራም።

ከእኔ ጋር ወደ ክፍሉ ከገቡት የለቀቁ አሉ። አንዷ ወደ ግል ክሊኒክ ሄደች፤ አንዷ ለምና ወደ ተመላላሽ ሕክምና ተዛወረች፤ አንዱ ሙያውን ጭራሽ ትቶ ራይድ ይነዳል። ምን እንዳስወጣቸው ጠይቄያቸዋለሁ። ደም አስፈራኝ ያለኝ የለም። ሥራው ከበደኝ ያሉኝ አሉ፣ ግን እሱን ብቻ ብለው አላቆሙም። ሁሉም ወሬያቸውን የሚጨርሱት ፕሮግራሙ ላይ ነው።

ፕሮግራሙ የሚወጣው ወሩ ሊገባ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ የቀደመ ሰው በስልኩ አንሥቶ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለቀዋል፤ ሁላችንም ፎቶውን እያሰፋን ስማችንን እንፈልጋለን። በማግስቱ እስክሪብቶ ይገባበታል። አንዷ ታማለች፣ አንዱ የማስተርስ ፈተና አለበት፣ ለአንዷ ደግሞ ከላይ ተደውሎላታል። በተሰረዘው ስም ቦታ የምትገባው አዲሷ ናት። የእሑድ አዳር፣ የበዓል ዋዜማ፣ አድራ በወጣች ማግስት የጠዋት ተራ፤ ሌላው የሸሸው ሁሉ ተጠራርጎ እሷ ላይ ያርፋል። "አዲስ አይደለሽ፣ ትለምጂበታለሽ" ትባላለች።

የክፍሉን ኃላፊ ለመውቀስ አይደለም። "ሰው የለኝም" ስትል እውነቷን ነው፤ ሰው ሲጎድልባት እሷም ጋውኗን ለብሳ አብራን ታድራለች። የሚያናድደኝ የሰው እጥረቱን ሁሉ ድምፅ በሌላቸው ሰዎች ጫንቃ ላይ የሚጥለው ልማድ ነው፤ ልማዱን ደግሞ አንድ የክፍል ኃላፊ ብቻዋን አትለውጠውም፤ ከላይ መመሪያ ያስፈልጋታል።

ፕሮግራም በአንድ ቀን ሲቀየር ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ላስረዳ፤ ከቢሮ ሆኖ ለሚያየው ሰው የተለወጠች አንዲት ፊደል ናትና። እኛ ቤት ልጆቹን የምትይዝልን ወጣት የማታ ተማሪ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለች። ስትቀጠር ያስማማን አንድ ነገር ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች። እኔ አዳር በምሆንበት ቀን ባለቤቴ ቀድሞ ይገባል፣ እሷ ደብተሯን ይዛ ትወጣለች። ባለቤቴ ደግሞ በሳምንት ሁለት ማታ ተማሪዎች ያስጠናል፤ የቤት ኪራዩ የሚሞላው በዚያ ነው። እንግዲህ የእኔ አዳር ከረቡዕ ወደ ሐሙስ ሲገፋ ወይ የእሱ ገቢ ይቀራል፣ ወይ የእሷ ትምህርት። እውነቱን ለመናገር የሚቀረው የእሷ ነው፤ "ዛሬ ቅሪልን" ስንላት እምቢ የማለት አቅም የላትም። በሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ የተሰረዘች አንዲት መስመር የአንዲትን ልጅ ፈተና እንደምትነካ ሰራዡ ከየት ያውቃል? ስለማያውቅ ነው የምጽፈው። ሁሉም መንገድ ሲዘጋብን እናቴ ከደብረ ብርሃን ትጠራለች። 130 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ፣ የምታምማትን ጉልበቷን ይዛ፣ ስልክ በተደወለላት ቀን ትመጣለች። አንድ ቀንም ቅር ብሏት አያውቅም፤ እኔን ነው ቅር የሚለኝ።

የሌሊት ሥራ ራሱ ሰውነትን እንደሚጎዳ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሌሊት ፈረቃን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ብሎ ከሚጠረጥራቸው ነገሮች ምድብ ያስገባው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. እንደገና ፈትሾ እዚያው አስቀምጦታል። ድንገተኛ ክፍል ሌሊት ይዘጋ የሚል የለም። አዳር የግድ ነው፤ አዳሩ ግን ለሁሉም ይዳረስ፣ አድሮ ለወጣም ሰው የሚተኛበት ቀን ይኑረው።

"አስቀድሞ ማቀድ አይቻልም" የሚለኝ ካለ በበዓል ሰሞን ክፍላችን ይምጣ። ለገናና ለፋሲካ ሌሊት ሙስሊም ባልደረቦቻችን ይቆማሉ። ለሁለቱ ዒዶች እኛ እንቆማለን። ማንም መመሪያ አላወጣልንም፤ ከእኛ በፊት የነበሩትም እንዲህ ያደርጉ ነበር አሉ። የፋሲካ ሌሊት ደግሞ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ከ55 ቀን ጾም በኋላ ሆዱን የታመመው፣ ጠጥቶ የወደቀው፣ የተጋጨው፣ ቢላ የቆረጠው አንድ ላይ ነው የሚመጣው። እነዚያን ሌሊቶች አንድም ሰው ሳይቀር እናልፋቸዋለን። ሁሉም ተራውን ከወራት በፊት ያውቀዋል፣ ቤቱን አዘጋጅቶ ይመጣል። ለፋሲካ የሚቻለው ለተራው ማክሰኞ ለምን አይቻልም?

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ጉዳዩ የቤት ብቻ መስሎ እንዳይታይ።

ክፍላችን እንደ ብዙ ሆስፒታሎች በቀለም የተከፈለ ነው፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። በሽተኛው በር ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ይቆጠራል፣ የልብ ምቱ፣ የደም ግፊቱ፣ ሙቀቱ፣ የኦክስጅን መጠኑ ይለካል፣ ሲጠሩት ይሰማ እንደሆነ ይታያል፤ ከዚያ ቀለሙ ይወሰናል። ጤና ጣቢያ ሳለሁ ይህን ሁሉ በወረቀት አውቀው ነበር። ቀይ ክፍል ገብቶ ማድረግ ሌላ ነው። አንዱን በስትሬቸር እያስገባን ሌላው በባጃጅ ይደርሳል፤ አስታማሚው እጅጌዬን ይዞ "ሲስተር፣ ሲስተር" ይላል፤ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሐኪሙ መድኃኒት ያዛል፣ መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛ ይባላል፣ የሚገዛው ሰው ገንዘብ ፍለጋ ስልክ ላይ ነው። በዚህ መሐል እጅ ራሱን ችሎ መሥራት አለበት። የእጅ ደም ሥር ሲጠፋ የት እንደሚፈለግ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ጠቋሚ ስንት ላይ እንደቆመ በሽተኛ ሳይመጣ ማየት፣ ሰክሽን ማሽኑ መሥራቱን፣ አምቡ ባጉ ከነጭንብሉ ቦታው ላይ መሆኑን ተራ እንደተረከቡ ማረጋገጥ፤ ይህን መጽሐፍ ብቻውን አያስተምርም።

እኔን ያስተማሩኝ አንድ አንጋፋ ነርስ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ጡረታቸው ተቃርቧል፤ በሽተኛ ከበሩ ሲገባ አረማመዱን አይተው ቀለሙን ይገምታሉ፣ ከዚያ ግን ለክተው ያረጋግጣሉ፤ "ዓይን ያታልላል፣ ቁጥር ጻፊ" ይሉኛል። ግርግር ሲበዛ የሚሉት አንድ ነገር አላቸው፤ "መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ደም፣ ወሬ መጨረሻ።" በፀረ ተባይ የተመረዘ ሰው ሲመጣ አትሮፒን የደረቱ ፈሳሽ እስኪደርቅ ድረስ እየተደጋገመ ይሰጣል፤ አምፑል ላይ አምፑል ነው፣ በሩጫ መሐል ቆጠራው ይጠፋል። ጋሼ ፕላስተር ቀድደው ከአልጋው ራስጌ ይለጥፉና በእያንዳንዱ አምፑል አንድ መስመር ያሰምሩበታል፣ ሰዓቱንም ይጽፋሉ። ተራ ስንቀያየር የሚረከበው ሰው ፕላስተሩን ያነብባል። ይህን ከእሳቸው ጎን ቆሜ ካላየሁ ከየት አገኘው ነበር?

ችግሩ ጋሼ ቀን ናቸው፣ እኔ አዳር ነኝ። ከእሳቸው ጋር የገጠምኩት ሰው ጎድሎ በተሸጋሸግንባቸው ጥቂት ተራዎች ነው። በየሆስፒታሉ እንዲህ ነው፤ አንጋፋዎቹ ቀን ይሠራሉ፣ ለዓመታት አድረው ያገኙት መብት ነው፣ አልቀማቸውም። ነገር ግን ውጤቱ ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ስፔሻሊስቱ በሌለበት፣ ላቦራቶሪው በቀነሰበት፣ ፋርማሲው በአንድ መስኮት በሚያገለግልበት ሰዓት ቀይ ክፍል የሚቆሙት ገና እየለመዱ ያሉት ናቸው። የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ በድንገተኛና በጽኑ ሕሙማን ነርሲንግም በማስተርስ ደረጃ የተመረቁ ነርሶች ዛሬ አሉን። ዘርፉ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ከታወቀ ይህን ያህል ዓመት ሆኖታል። አመዳደባችን ግን ዛሬም "እጅ የጎደለበት ቦታ ላካት" ነው። አዲስ ነርስ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከአንድ አንጋፋ ጋር በአንድ ተራ ትጻፍ፤ እሱ ሲያድር ትደር፣ እሱ ሲያርፍ ትረፍ። በየአዳሩ አንድ አንጋፋ ይኑር፤ ለዚያም አንጋፋዎቹ የሚገባቸው ይከፈላቸው። ብቻዋን ያልተተወች ነርስ ቤቷ ስትገባም ሌላ ሰው ናት። ልጇን እያጠባች "ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ይሆን" እያለች አታድርም።

ስለ ማጥባት ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጤና ጣቢያ ሳለሁ ለእናቶች የማስተምረው፣ እናንተም በፖስተር ያሰራጫችሁልን፣ ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ወተት በቀር ውኃም እንዳይሰጠው ነው። ትክክል ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የወሊድ ፈቃዱን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አድርጎት ነበር። 90 ቀን 3 ወር ነው። ቀሪዎቹን 3 ወራት አስተማሪዋ ራሷ እንዴት ታድርጋቸው? ወተቱ ይታለባል፤ ግን የት? እኛ የልብስ መቀየሪያ አለን፣ በሩ አይቆለፍም፣ ወንዶቹም ሴቶቹም እንጠቀምበታለን። የታለበው ወተት በክፍል ሙቀት የሚቆየው እስከ 4 ሰዓት ቢሆን ነው። ማቀዝቀዣ አለ፤ የመድኃኒት ነው፣ ምግብ አይገባበትም፣ መግባትም የለበትም። እናም አንዲት እናት በተራዋ መሐል ያለበችውን ወተት እጅ መታጠቢያው ውስጥ ትደፋዋለች። የጠየቅነው የሚቆለፍ በር፣ አንድ ወንበር፣ አንዲት ትንሽ ማቀዝቀዣ ነው።

ይኸው አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ማቆያ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ አይቻለሁ፣ ደስ ይላል፣ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። ጠዋት ይከፈታል፣ ቢሮ ሲወጣ ይዘጋል። የታሰበው ለጠረጴዛ ሠራተኛ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ያለ ማቆያ እንኳ በዚህ ሰዓት ከሠራ የአዳር ተረኛዋን ልጅ የት አድርጊው ሊላት ነው? አዋጁ "የመንግሥት ሠራተኛ" ሲል እሷንም ማለቱ መሰለኝ።

የግል ሆስፒታሎችንም አልተውኩም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል። ሆዷ ገፍቶ አዳር የምትሠራ ጓደኛ ግን አለችኝ፤ "ሕጉን ባነሳ ውሌ አይታደስም" ትለኛለች። ጦር ኃይሎች የሚል ታክሲ በተሳፈርኩ ቁጥር ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ትዝ ይሉኛል። በጣሊያን ወረራ የስደት ዘመን ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ፤ አገር ነፃ ስትወጣ ተመለሱ፣ አገቡ፣ በ1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነቀምት ላይ አረፉ። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል የተሠራው ለእሳቸው መታሰቢያ ነው። ከቀደሙት ነርሶቻችን አንዷ እንዲህ አልፋለች፤ የነፍሰ ጡር ነርስ ነገር ዛሬም በየጊዜው እንደ አዲስ የሚያስደነግጠን ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

የመርፌውን ነገር ባጭሩ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መርፌ ይወጋል፤ የሚታገል በሽተኛ፣ የጠበበ ቦታ፣ የሞላ የመርፌ መጣያ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ ፍጥነት መጀመርና ለ28 ቀን መወሰድ እንዳለበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሌሊት የተወጋች ነርስ "የሚሰጠው ክፍል ተዘግቷል፣ ጠዋት ነይ" መባል የለባትም። ለምታጠባ እናት ያቺ ሌሊት ምን ማለት እንደሆነች አስቡት፤ ጠዋት ቤቷ ስትገባ ልጇ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃታል፣ ለባሏም የምትነግረው አላት። የመጀመሪያው መጠን ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ፣ የምታማክራት ሰውም ስልኳ ይታወቅ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባቷን ሦስቱንም ዙር ያልጨረሰች ነርስ ደግሞ ቀይ ክፍል አትመደብ።

የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለቤተሰቦቻችን ነው።

እማዬ፣ ማለቴ የባለቤቴ እናት፣ እርስዎም ያነብቡታል ብዬ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተኝቼ ሲያገኙኝ ምንም አይሉም፤ ዝም ማለትዎ ግን ይሰማኛል። አድሬ ስገባ ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ፣ ልብሴን ለብቻው እዘፈዝፋለሁ፣ ታጥቤ ነው ልጄን የማቅፈው፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ካላገኘሁ ማታ የሰው ነፍስ ይዤ አልቆምም። የኮንዶሚኒየም ቀን ደግሞ ያውቁታል። ቆራሌው ይጮኻል፣ ከላይ ቤት በርበሬ ይወቀጣል፣ ልጆች ደረጃ ላይ ይሯሯጣሉ። የእርስዎ "ዝም በሉ፣ ተኝታለች" ማለት ለእኔ ከመድኃኒት በላይ ነው። ለቅሶ ሳልደርስ ብቀር ለዕድሩ ሰዎች ስለ እኔ ይንገሩልኝ። ሠልስት ሳልቀመጥ የቀረሁት ንቄ አይደለም፤ የሌላ ሰው ልጅ ለቅሶ እንዳይሆን ቆሜ ነው ያደርኩት።

ባሎች ሆይ፣ ባለቤቴን አመሰግናለሁ፤ ሰፈር ውስጥ "ሚስትህ ሌሊት ሌሊት የት ነው የምትሄደው?" ብለው የሚጠይቁት ሰዎች አሉ። "ሰው ልታድን" ይላቸዋል። ልጅ ማጠብ፣ አጥሚት መሥራት፣ የትልቋን ፀጉር መጎንጎን ችሏል፤ መጎንጎኑ ገና ነው፣ ግን ትምህርት ቤት ይወስዳታል። ሚስታችሁ ድንገተኛ ክፍል ከጀመረች የመጀመሪያው ዓመት ያልፋል። ተራ ላይ ስትሆን በየሰዓቱ አትደውሉላት፤ ልጁ ካተኮሰው ብቻ ደውሉ። ስትገባ ምን እንዳየች ወዲያው አትጠይቋት። በሦስተኛው ቀን ራሷ ሽንኩርት እየከተፈች ትነግራችኋለች፤ ያን ጊዜ ስልካችሁን አስቀምጡና ስሟት። ሚስቶችም እንዲሁ፤ ቀይ ክፍል አድሮ የሚገባ ባል ዝም ካለ ተቆጥቶ ላይሆን ይችላል።

ለሕዝቡ አንድ ቃል ብቻ አለኝ። ድንገተኛ ክፍል በመምጫ ተራ አይሠራም። ከእናንተ በኋላ የመጣ ሰው ቀድሞ ከገባ ትንፋሹ እያጠረ ነው ማለት ነው፤ ዘመድ ስላለው አይደለም። ከአንድ በሽተኛ ጋር አንድ አስታማሚ ይበቃል። የተጎዳ ሰው ስታዩ ጎትታችሁ ታክሲ ውስጥ ከመክተት በፊት ወደ 907 ወይም 939 ደውሉ። እኛን አትምቱን። ተመትተን እናውቃለን።

ወደ እናንተ ልመለስ፣ የተከበራችሁ ኃላፊዎች። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይሁን አልልም። ማቆያው ሕንፃ ይፈልግ ይሆናል፣ አንጋፋዎቹን አዳር ለመመለስ ድርድር ያስፈልጋል፣ ይገባኛል። ፕሮግራሙ ግን ወረቀትና ፊርማ ነው። የሚቀጥለው ወር ፕሮግራም ወሩ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይለጠፍ። ከተለጠፈ በኋላ የሚለወጠው ባለ ተራዋ ተጠይቃ ስትስማማ ብቻ ይሁን። አዳርና የበዓል ተራ በአዲስና በነባር መካከል እኩል መከፋፈሉን በየሦስት ወሩ የሚያይ ሰው ከነርሲንግ ዳይሬክቶሬት ይመደብ፣ የወሩም ቆጠራ ከፕሮግራሙ ጎን ይለጠፍ፤ ማን ስንት ሌሊት እንዳደረ ሁላችንም እንየው። ይህን በአንድ ሆስፒታል ለሦስት ወር ሞክሩትና ስንት ነርስ እንደለቀቀ፣ ስንት ሰው ታምሜያለሁ ብሎ እንደቀረ ከበፊቱ ጋር አስተያዩት።

ከመወሰናችሁ በፊት ክፍሉን ማየት ከፈለጋችሁ ሌሊት ኑ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ሳታስነግሩ ኑ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ
አዲስ አበባ